ቦርከና ስንት ምጣድ ያግላል?

ኮምቦልቻ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣ ሐሳብ አለ፦ ውጭ አገር የድሮ ፋብሪካ ግድቦችን አድሰው መብራት ያመነጩባቸዋል፤ እኛስ ቦርከና ወንዝ ላይ ያሉትን ጠለፋዎች፣ ማለትም ውኃውን የሚጠልፉትን ግድቦች፣ ለምን አንጠቀምባቸውም? ሐሳቡን እወደዋለሁ። አብረውት የሚወሩት ስሕተቶች እንዲታረሙ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

«ግድብ ካለ ኃይል አለ።» ኃይል የሚሰጠው ግንቡ ሳይሆን የውኃው መጠንና የሚወርድበት ከፍታ ነው። በሰከንድ 200 ሊትር ውኃ 20 ሜትር ቢወርድ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 30 ኪሎዋት ገደማ ይገኛል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ የሚያግለው ስምንት ምጣድ ነው ማለት ነው። በእንግሊዝ የኒው ሚልስ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በቀድሞ ፋብሪካ ግድብ ላይ ገንዘብ አዋጥተው የተከሉት ማመንጫም 63 ኪሎዋት ነው። ለአንድ ጤና ጣቢያና ለአንድ ወፍጮ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለከተማ ግን አይበቃም።

«ቦርከና ክረምት ላይ ያስፈራል፤ ውኃ ሞልቷል።» ተርባይን (ውኃ እያሽከረከረው መብራት የሚያመነጨው መዘውር) ግን በጋም ውኃ ይፈልጋል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ ከ500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከፍታ አላጣንም፤ የቸገረን የበጋው ውኃ ነው፤ እሱንም መስኖው ይሻማዋል። ስለዚህ ወንዙ መለካት ያለበት በነሐሴ ሳይሆን ከበልግ በፊት፣ በጥር ነው።

«ይህን ያህል ዘመን የቆመ ግድብ አይፈርስም።» ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን የሚገኘው የኤደንቪል ግድብ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውኃ የሚወጣበት በር፣ ከባድ ጎርፍ አይችልም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የማመንጨት ፈቃዱን አጣ። በ2020 ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ተደረመሰ፤ 10 ሺህ ያህል ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። አሮጌ ግድብ ላይ ተርባይን ከመትከል በፊት መሠረቱና ማስተንፈሻው ይመርመር።

«አንዴ ከታደሰ አለቀ።» በአቃቂ ወንዝ ላይ ጣሊያኖች የሠሩት 6.6 ሜጋዋቱ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ በ2009 ዓ.ም. ታደሰ። ከላይ የሚወርደው ደለልና የከተማ ቆሻሻ ግን ከእድሳቱ ጋር አልቆመም። እኛም ዘንድ ያው ነው፦ ነሐሴ ላይ ከቦርከና አንድ ጣሳ ውኃ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ጣሳው ሥር ጭቃ ረግቶ ታገኛላችሁ። ያ ጭቃ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበ የገበሬ ማሳ ነው፤ አሸዋው ደግሞ የተርባይኑን ምላጭ ይበላል። እርከንና ችግኙ ከላይ፣ ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ይጀመር።