የጊዜ ሂደት ሚዲዬሽን ምንድን ነው?

መንዝ ውስጥ ከገጠር ወጥቶ መሐል ሜዳ ከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ቅዳሜን የሚጠብቀው ለእረፍት አይደለም። ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ በእግሩ ይገሰግሳል፤ እሑድ ማታ በሶና የገብስ ቆሎ ተሸክሞ ይመለሳል። ቤቱ የሚሄድበት ቀን እየተራራቀ ሲመጣ ድብርት እንደሚበረታበት አስተዋልን እንበል። ሚዲዬሽን የተባለው የስታቲስቲክስ ትንተና ቀጥሎ ያለውን ይጠይቃል፦ በምን በኩል? ምናልባት መራቁ ብቸኝነትን፣ ብቸኝነቱ ድብርትን ይወልድ ይሆናል። ብቸኝነት እዚህ መሸጋገሪያ ነው። (መዝገበ ቃላት ቃሉን «ሽምግልና» ይለዋል፤ እዚህ ግን የሚታረቅ ባላንጣ የለም።)

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ባሮን እና ኬኒ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ አካሄዱ በሥነ ልቦና ዘንድ ተስፋፋ። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን ተመራማሪዎች ሦስቱንም ነገር በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠይቅ ለክተን «መንገዱን አገኘን» ማለታችን ነው። ይህ በአንድ ሰዓት ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና የቆሙ መኪናዎችን ቆጥሮ፣ በጣርማ በር ዋሻ የትኛው እንደወረደ የትኛው እንደወጣ ለመናገር እንደመሞከር ነው። መንገዱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ የተደበረ ልጅም እኮ ራሱን ከሰው ያገልላል። ማክስዌል እና ኮል እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት የአንድ ቀን መረጃ የመንገዱን መጠን ክፉኛ ሊያዛባ ይችላል።

ስለዚህ በሦስት ዙር እንለካለን፦ መስከረም፣ ጥር፣ ሰኔ። የጊዜ ሂደት ሚዲዬሽን የምንለው ይህን ነው። የመስከረሙ መራቅ የጥርን ብቸኝነት፣ የጥሩ ብቸኝነት የሰኔን ድብርት ይተነብያል ወይ? ዋናው ብልሃት የቀድሞውን ልክ በስሌቱ ውስጥ አብሮ ማስገባት ነው፤ መስከረም ላይም ብቸኛ የነበረውን ልጅ መራቁ ብቸኛ አደረገው እንዳንል። የመጀመሪያው እርምጃ (ከመራቅ ወደ ብቸኝነት) መጠኑ 0.4፣ የሁለተኛው (ከብቸኝነት ወደ ድብርት) 0.3 ቢሆን (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተፈጠሩ ናቸው) በመሸጋገሪያው ያለፈው ተጽዕኖ ብዜታቸው፣ 0.12 ነው። የብዜት ስርጭት አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል እርግጠኝነቱን በቡትስትራፕ እንፈትሻለን፤ ማለትም ከናሙናው ውስጥ እያወጡ እየመለሱ በሺህ የሚቆጠር አዲስ ናሙና መሥራት።

ይህም አይበቃም። አንዱ ልጅ ከሌላው ይልቅ ሁልጊዜ ብቸኛ መሆኑና ያው ልጅ ከራሱ ልማድ ይልቅ በዚህ ወር ብቸኛ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐማከር እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት ሞዴል ሁለቱን ይነጥላል። እኛ የምንፈልገው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው፤ የምናሰላው ግን የሁለቱን ድብልቅ ሆኖ ኖሯል።

ካልተለካ ሦስተኛ ምክንያት ደግሞ የትኛውም ስሌት አያድንም። የበልግ ዝናብ ከቀረ ስንቁ ይሳሳል፤ ብቸኝነቱም ድብርቱም አብረው ይብሳሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የዙሮቹ ርቀት ነው። ብቸኝነት ድብርት የሚሆነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ ከጥር እስከ ሰኔ የሚጠብቅ ተመራማሪ ምኑንም አያይም። እንዲህ ላለው ጉዳይ አጭር መጠይቅ ይዞ በየሳምንቱ እሑድ ማታ፣ ልጁ ስንቁን ከትከሻው ሲያወርድ መጠየቅ ይሻላል።