የየካ ዋሻ ሚካኤልና የአብያተ ክርስቲያናትን ዘመን በጽሑፍ የመለየት ዘዴ

ዋሻ ሚካኤል ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ባሕር ዛፍ በለበሰው የየካ ተራራ ላይ የሚገኝ፣ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ወድቆ ውስጡ ለዝናብ ቢጋለጥም ግድግዳዎቹ ዛሬም ግርማቸው አለ። ከላሊበላና ከትግራይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጋር ስሙ ሊነሣ የሚገባው ይህ ቅርስ ከዋና ከተማዋ ደጃፍ ሆኖ ሳለ ብዙ የከተማው ነዋሪ አያውቀውም። ከተራራው ግርጌ ያለው የየካ ሚካኤል ታቦት ግን በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ በእልልታና በሆታ ሲገባ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ዕድሜው የአካባቢው አባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ይናገራሉ፤ የተፈለፈለው በአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ። አጥኚዎች ወደ ላሊበላ ዘመን፣ ወደ 12ኛውና 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ያቀርቡታል፤ ይህ ግምታቸው ግን ከአፈላፈሉ የተነሣ እንጂ ከተቀረጸ ጽሑፍ የተገኘ አይደለም። ስለዚህ የአባቶችን ቃል በቀላሉ ወደ ጎን መተው አይገባም።

ጽሑፍ ሲገኝ ዘመን የሚናገረው በብዙ መንገድ ነው። አንዱ የፊደሉ መልክ ነው። በአክሱም የጥንቶቹ የግእዝ የድንጋይ ጽሑፎች አናባቢ የላቸውም፤ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ የሚሄደው ቅርጽ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ጽሑፎች ላይ ይታያል። ሌላው ቃሉ ነው። ኢዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን «ወልደ ማሕረም» (ማሕረም የተባለው ጣዖት ልጅ) ሲል በኋለኛው የግእዝ ጽሑፍ «እግዚአ ሰማይ»ን ያመሰግናል፤ በግሪክኛ ባስቀረጸው ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። በሳንቲሞቹም ላይ ጨረቃ የነበረበትን ቦታ መስቀል ተክቶታል። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን የአክሱምን ጽሑፎች በሰፊው ከመዘገበ ወዲህ ይህ ንጽጽር ለሌሎች ቦታዎችም መመዘኛ ሆኗል።

ጥንቃቄ የሚሻው ዓመት ተጽፎ ሲገኝ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ) ሊቃውንት ዋጋቸው የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ዛሬው ዓ.ም. ለመመለስ፣ ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም ከሆነ 5500 ይቀነሳል፤ ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የሚቆጠረው ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ይደመራል። በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ግን «ዓመተ ምሕረት» ሲባል ብዙ ጊዜ በ532 ዓመት የሚዞረው የዐቢይ ቀመር ቁጥር ነው። ከዙሮቹ አንዱ የጀመረው በ1341 ዓ.ም. ስለሆነ በዚያ ዙር «በ100 ዓመተ ምሕረት» የሚል ጽሑፍ 1440 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ይኸውም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ ቤተ ክርስቲያኑን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከመሾማቸው በፊት የተሠራ ሊያደርገው ይችላል።

የወንጌላዊው ስም አብሮ ከተጻፈ ሥራው ይቀላል። ድንጋይ ሲያረጅ ፮ (6) እና ፯ (7) ለመለየት ያስቸግራሉ። አንድ ዓመት 1886 ይሁን 1887 ቢያጠራጥር 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ ይሆናል። አጠገቡ «ዘመነ ሉቃስ» የሚል ካለ የጠፋው አኃዝ ፯ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ጽሑፍ የሚመሰክረው ስለ ተጻፈበት ነገር ነው። በላሊበላ የንጉሡን ስም የያዙ የእንጨት መናብርተ ታቦት (የታቦት ማስቀመጫዎች) አሉ፤ መንበር ግን ከቤት ቤት ሊዘዋወር ይችላል። ፍልፍል ቤት ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ግንብ ሲታደስ ድንጋይ ይጨመርበታልና አሮጌውና አዲሱ የሚጋጠምበት መስመር ይታያል። አለት ሲታደስ ግን ይጠረባል፤ በኋላ የመጣው ጠራቢ የቀደመውን የመሮ ምልክት ይዞት ይሄዳል።

ወደ የካ አካባቢ ስንመለስ፣ ከላሊበላ በኋላ ስላሉት ዘመናት የሚነገረው ጥቂት ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቬኒሱ መነኩሴ በፍራ ማውሮ ካርታ ላይ የምትታየው የነገሥታት ከተማ በረራ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበረች የሚሉ አሉ፤ ቦታው ግን አከራካሪ ነው።

የምኒልክ ዘመን ሲደርስ ሁሉም ይገለጣል። የጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ስላለ የእንጦጦ አድባራትን ታሪክ በፊደል ቅርጽ መፈለግ አያስፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዘውድ ጫኑ፤ እቴጌ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዘውድ ደፉ። ከላይ ባየነው ስሌት ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። ከተማዋ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተራራው ወደ ፍልውሃ ብትወርድም ንግሡ የተፈጸመው እላይ በማርያም ደብር ነበር።

በዋሻ ሚካኤል ዘመን ለመለየት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ የሚያየው የበሮቹን ጉበንና የግድግዳውን የውስጥ ገጽ ነው፤ ቅርጽም ሆነ የመሮ ምልክት የሚተርፈው እዚያ ነው። ጣሪያው ከወደቀ ወዲህ የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ የሚወርደውም በዚያው የውስጥ ገጽ ላይ ነው።