ኢየሱስ ክርስቶስ ማን ነው? የምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርትና የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወጣ መንገደኛ ደሴን አልፎ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ቦሩ ሜዳን ያገኛል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት እዚህ ነው። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ማንነት፣ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ማለትም ወልድ ሥጋን ለብሶ ሰው ስለመሆኑ ነበር። ወልድ ሰው በሆነ ጊዜ ሥጋ የከበረው በምንድን ነው?

የክርክሩ ሥር ሐዋርያት ሥራ 10፥38 ነው፤ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው ይላል። «ቅባቶች» ሥጋ በቅብዐት ከበረ አሉ፤ አብ ቀባዒ፣ ወልድ ተቀባዒ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው ብለው። በሸዋ የበረታው የ«ጸጋ» ወገን ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ የሆነውን መቀባት ከአብና ከድንግል ማርያም ከመወለዱ ሌላ ሦስተኛ ልደት አድርጎ ቆጠረው። ተዋሕዶዎች ግን ሥጋ የከበረው ከቃል (ከወልድ) ጋር በመዋሐዱ ነው፣ ልደቱም ሁለት ነው ብለው ጸኑ። «ካራ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተቃዋሚዎቻቸው ናቸው፤ ካራ ቢላዋ ነውና ሦስተኛውን ልደት ቆረጡት ለማለት ነው። ጉባኤው የወሰነው ለሁለት ልደት ነው። በዘመኑ ከታወቁት የቦሩ ሜዳ ሊቃውንት የመምህር አካለ ወልድ ስም ዛሬም በደሴ በትምህርት ቤት ይጠራል።

ጉባኤው ያስከተለው ሌላ ነገርም አለ፤ መሸፈን የለበትም። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ትእዛዝ ወጣ። የወሎው መሪ መሐመድ አሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እምነት በአዋጅ አይተከልም፤ ደሴም ዛሬ የሁለቱም እምነት ከተማ ናት። ሙስሊሙ ጎረቤት የመርየምን ልጅ ኢሳን ነቢይና መሲሕ ብሎ ያከብራል፤ ክርስቲያኑ የሚለየው አምላክ ወልደ አምላክ ነው በማለቱ ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ወልድ ከአብ ያለ እናት ተወለደ፤ ይህ ልደት ዘመን አይቆጠርለትም። ኋላም ከድንግል ማርያም ያለ አባት ተወለደ፤ ይህኛው ይቆጠራል። ጽንሰቱ መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29 ይከበራል፤ ጳጉሜን 5 ቀን ስትጨመር 9 ወር ከ5 ቀን ይመጣል። ሁለት ጊዜ ተወለደ ማለት ሁለት ልጆች አሉ ማለት አይደለም። ከአብ የተወለደው ራሱ ከማርያም ተወለደ።

ተማሪ የሚሰናከለው «ሆነ» በምትለው ቃል ነው። ቃል ሥጋ ሆነ (ዮሐ. 1፥14) ሲባል የቃና ውኃ ወይን እንደሆነ መስሎት ከተረዳው ውላጤ ይሆናል፤ መለኮት ግን አይለወጥም። ማርና ውኃ ተበጥብጠው ብርዝ ሲሆኑ ማሩም ለብቻው ማር፣ ውኃውም ለብቻው ውኃ አይባልም፤ ይህ ቱሳሔ ነው፤ ተዋሕዶ እንዲህም አይደለም። የዳዊት መጽሐፍ በማኅደሩ ወይም ሰይፍ በሰገባው እንደሚያድር አድርጎ ማሰብ ደግሞ ኅድረት ነው፤ እንዲያማ ከሆነ ክርስቶስ ከነቢያት በምን ይለያል? ሊቃውንቱ የሚያቀርቡት ምሳሌ የጋለ ብረት ነው። ብረቱ ያቃጥላል፣ ያበራል፤ እሳቱም በብረቱ ቅርጽ ይታያል። መዶሻ ሲያርፍበት የሚቀጠቀጠው ብረቱ ነው፤ እሳቱ አይቀጠቀጥም፣ ከብረቱም አይለይም። አምላክ በሥጋ ሞተ የሚባለው እንደዚህ ነው። ምሳሌ ግን ሁሉን አይመስልም፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ በተዋሕዶው ግን መለየት ፈጽሞ የለም።

ይህን የያዘ ሰው ወንጌሉን ሲያነብ ሥራውን ለሁለት ባለቤት አይከፍልም። ማርቆስ 4 ላይ ኢየሱስ በታንኳው ኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል፤ ደቀ መዛሙርቱ ቀሰቀሱት፤ ነፋሱንም ገሠጸው። ተኝቶ የነበረውና የገሠጸው አንዱ እሱ ነው። «አንዱ ሰው ተኛ፣ ሌላው አምላክ ገሠጸ» ከተባለ ንስጥሮስ በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን የተወገዘበት ምንታዌ ይመጣል። «አብ ከእኔ ይበልጣል» (ዮሐ. 14፥28) የሚለውን ይዞ ፍጡር ነው ማለትም በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተወገዘው የአርዮስ ስሕተት ነው፤ ቃሉ የተነገረው ሰው ስለመሆኑ ነው፤ ያው ወንጌል 10፥30 ላይ «እኔና አብ አንድ ነን» ይላል።

በ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶን ጉባኤ ከተዋሕዶ በኋላ ሁለት ባሕርይ አለ አለ። ካቶሊኮችና አብዛኞቹ ወንጌላውያን ይህን ይዘዋል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አልተቀበለችውም። አንድ ባሕርይ ስትል ግን እንደ አውጣኪ ሥጋው በመለኮት ተውጦ ጠፋ ማለቷ አይደለም። ዛሬ በየሰፈሩ የሚሰማው የ«ክርስቶስ አማላጅ ነው ወይስ ፈራጅ» ክርክርም ሥሩ እዚህ ነው። በመስቀል ላይ አንድ ጊዜ ራሱን ያቀረበውን፣ አሁን በአብ ቀኝ ሆኖ ለዓለም የሚፈርደውን አምላክ፣ ወደ ሌላ አምላክ የሚለምን ለማኝ አድርጎ መሳል ቤተ ክርስቲያኗ የማትቀበለው ነው።

መልሱን ቄሱ ከቁርባን በፊት በቅዳሴ ይናገሩታል። ሥጋውንና ደሙን ይዘው «አአምን አአምን አአምን» ይላሉ፣ ሥጋውን ከእመቤታችን እንደነሣ ይመሰክራሉ፣ ቀጥሎም «ኢተፈልጠ መለኮቱ እምትስብእቱ ኢአሐተ ሰዓተ ወኢከመ ቅጽበተ ዐይን» ይላሉ፤ መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) አንድ ሰዓት፣ የዐይን ጥቅሻ ታህልም አልተለየም ማለት ነው።