ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፦ ስኮትላንዳዊው ባለሟል በጎንደር

ይህን ተረት ዛሬ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሌብነት ሲወራ ነው። ካዝና አጉድሎ የተያዘ ሹም ወሬው ሲደርስ አንዱ በምሬት፣ ሌላው በፌዝ ይጠቅሰዋል። ለጉቦ ፈቃድ የሰጠ፣ አገር ያበላሸ ተረት ነው እየተባለም ይወገዛል። ውግዘቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ተረቱ የወጣበት ዓለም ደመወዝ፣ የጡረታ መዋጮና ኦዲተር የሚባሉ ነገሮች ያልነበሩበት ዓለም ስለሆነ፣ «መብላት» የሚለው ቃል ያኔ የወንጀል ስም አልነበረም።

በነገሥታቱ ዘመን ሹም ከግምጃ ቤት ወር እየቆጠረ የሚቀበለው ገንዘብ የለም። ንጉሡ የሚሰጠው አገር ነው። ሹሙ በተሰጠው አገር ከገበሬው እህል፣ ማርና ከብት ይቀበላል፤ ከዚያው ላይ ወታደሩን ያበላል፣ ለቤተ መንግሥት ይገብራል፣ ለበላዮቹ እጅ መንሻ ያቀርባል፣ የራሱንም ቤት ያቆማል። ስለዚህ አንድ መኰንን በአንድ አውራጃ ተሾመ ለማለት አገሩን «በላ» ይባል ነበር፤ የሚያፍርበትም አልነበረም። ሹመቱ ደግሞ እንደ ርስት ለልጅ ልጅ አይተላለፍም። ዘንድሮ ነጋሪት የተጎሰመለት ሰው በዓመቱ በሌላው ነጋሪት ይሻራል። እስኪሾም ድረስ ደጅ ሲጠና የከረመበት ዕዳ አለበት፤ ከተሻረ በኋላም እንደገና ደጅ መጥናቱ አይቀርም። «ሹመት ያዳብር» ተብሎ የሚመረቀውም ይህ ስለሚታወቅ ነው። ተረቱ የሚያስጠነቅቀው የዚህን ዓይነቱን ሹም ነው፤ ጊዜው አጭር ነውና ተጠቀምበት ይለዋል። የሚከፋው ነገር ሁሉም የሚነገረው በበላተኛው አፍ መሆኑ ነው። ማሩን የቆረጠው፣ እህሉን የጫነው ገበሬ በተረቱ ውስጥ አንድ ቃል እንኳን አልደረሰውም።

ይህ ሥርዓት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት ይታይ እንደነበር ለማወቅ ከጎንደር ሹማምንት ሁሉ እንግዳ የሆነውን መምረጥ ይሻላል፤ እንግዳ ሌላው እንደ ተራ ነገር የሚያልፈውን ይጽፋልና። ጄምስ ብሩስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1730 በስኮትላንድ፣ በስተርሊንግ አውራጃ፣ ኪኔርድ በተባለ የአባቶቹ ርስት ላይ ተወለደ። የስኮትላንድ ነገሥታት ከነበሩት ከብሩሶች ዘር ነኝ እያለ የሚኮራ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከዘጠና የሚበልጥ፣ ጸጉሩ ቀይ፣ ቁጣው ቅርብ የሆነ ባላባት ነበር። በርስቱ ላይ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል እዚያው አቅራቢያ ለተቋቋመው ለካሮን የብረት ፋብሪካ እየተሸጠ ገቢ ያስገኝለት ስለነበር የሚበላው ከማንም የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠርቷል። ዓረብኛ ያውቃል። ግዕዝና አማርኛን ደግሞ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ ካዘጋጃቸው መጻሕፍት አጥንቷል፤ አንድ የመካነ ሥላሴ መነኩሴ ጀርመን አገር ያስተማረው ትምህርት ከመቶ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊን ጎንደር ላይ አናገረ።

በ1769 መስከረም ላይ ምጽዋ ገባ፤ በየካቲት 1770 ጎንደር ደረሰ። የመጣው የዓባይን ምንጭ ለማየት ነው። የቤተ መንግሥት በር የከፈተለት ግን ፈንጣጣ ነው። በሽታው ቁስቋም በሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ገብቶ ልጆቹን ይዟቸው ነበር። ብሩስ የታፈነውን ቤት በርና መስኮት አስከፈተ፣ በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውኃና ኮምጣጤ አሳጠበ። ከዳኑት መካከል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ይገኝበታል። ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የዚያን ጊዜው የአገሪቱ ባለሙሉ ሥልጣን የራስ ሚካኤል ስሑል ባለቤት ናት። ከዚያ ወዲያ እንግዳው «ያዕቆብ» እየተባለ ከአንዱ እልፍኝ ወደ ሌላው የሚጠራ የቤት ሰው ሆነ።

ራስ ሚካኤል ዐፄ ኢዮአስን ያስገደሉ፣ በምትካቸው ያነገሧቸውን ሽማግሌውን ዐፄ ዮሐንስንም በመርዝ አስወገዱ የሚባሉ፣ በመጨረሻ ልጁን ተክለ ሃይማኖትን ዙፋን ላይ ያስቀመጡ፣ እግራቸው የሚያነክስ አዛውንት ነበሩ። ብሩስን ሲያዩት እንደ ሐኪም ብቻ አላስቀሩትም፤ ባለሟል አድርገው አሾሙት፣ ከንጉሡ ፈረሰኞችም የአንዱን ክፍል አለቅነት ጨመሩለት። ምክንያታቸውን ብሩስ እንደጻፈው ከሆነ፣ አገሩ ሥርዓት በማያውቅ ሰው የተሞላ ስለሆነ ያለ ማዕረግ የሚንቀሳቀስ እንግዳ ሕይወቱን ያጣል የሚል ነው። ሹመቱ እንጀራ አልነበረም፤ ጥላ ነበር። ስኮትላንዳዊው ባላባት ያገር ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን እንደ ጎንደር መኳንንት አሳምሮ፣ በወጣቱ ንጉሥ አጠገብ ቆመ።

የባለሟል ኑሮ ግን ሰላም ያለው ኑሮ አይደለም። ባለሟልነት ሁልጊዜም ቀናተኛ ይወልዳል፤ የብሩስ ቀናተኛ የራስ ሚካኤል የወንድም ወይም የእህት ልጅ የሆነው የነፍጠኞች አለቃ ገብረ መስቀል ነበር። አንድ ቀን በግብር ላይ፣ ጠጅ ከጠጡ በኋላ፣ የጠመንጃ ነገር ተነሣ። ብሩስ አንተ በብረት ጥይት ከምታደርገው እኔ በሞራ ሻማ የማደርገው ይበልጣል ብሎ ደነፋ። ሌላው እንደ ስድብ ቆጥሮት ተያያዙ፣ ቢላዋም ተመዘዘ። በቤተ መንግሥት ውስጥ መሣሪያ መምዘዝ በሞት የሚያስቀጣ ጥፋት ነበርና ገብረ መስቀል በሰንሰለት ታሰረ፤ ብሩስ ራሱ ምሕረት ለመነለት። ወሬው ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ግን ወጣቱ ተክለ ሃይማኖት የፈለጉት ፍርድ ሳይሆን ሻማውን ማየት ነበር። ሦስት ጋሻ አንዱ ባንዱ ላይ ተደረደረ። ብሩስ ጠመንጃውን በባሩድና በሻማ ቁራጭ አጎረሰው፤ ሻማው ሦስቱንም ጋሻ በስቶ አለፈ፤ ቀጥሎም የሾላ ጠረጴዛ በሳ። ቄሶቹ አስማት ነው አሉ፤ መኳንንቱ ዝም አሉ። ነገሩ የፍጥነት ብቻ ጉዳይ ነው፤ ለስላሳ ነገርም በበቂ ፍጥነት ከተወረወረ ለመቅለጥም ለመበተንም ጊዜ አያገኝም። ለብሩስ ግን ከማንኛውም እጅ መንሻ የበለጠ ክብር አስገኘለት።

ወደ ተረታችን የሚመልሰን ቀጥሎ የመጣው ነው። ብሩስ በሰናር፣ ማለትም በዛሬዋ ሱዳን በነበረው መንግሥት ጠረፍ ባለው በራስ ፊል ቆላ ላይ ሹም ተደረገ። ቆላው በሽታ የበዛበት፣ ገቢው የሳሳ አገር ነው። ሹሙ እዚያ ሄዶ አልተቀመጠም፤ ከምጽዋ ጀምሮ አብሮት የመጣውን ያሲን የተባለ እስላም ምስለኔ አድርጎ ላከ። በዚያን ዘመን ሚዛን ብሩስ ያልበላ ሹም ነው። ጎንደሬው ሁሉ ወርቅና ሰፊ አገር ሲመኝ እርሱ ጠረፍ ላይ የታመነ ሰው ማስቀመጡ ብቻ በቃው፤ ያንን በር አንድ ቀን እንደሚወጣበት ያውቃል።

ከዚህ የባሰ የሚያስቀው ሁለተኛው ስጦታ ነው። ንጉሡ ምን ትፈልጋለህ ባሉት ጊዜ ብሩስ የግሽን መንደር ከነምንጮቿ ጠየቀ። ንጉሡም ለእርሱና ለዘሩ ለዘላለም እንድትሆን፣ በደፍተርም በሌላ ሰው ስም እንዳትጻፍ፣ በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ እንዳትወሰድበት ሰጡት። ከሁሉ ነገር ረግረግ መስክ ላይ የሚፈልቅ ውኃ መምረጡ ለመኳንንቱ የዕብደት ያህል ነበር። ብሩስ ጥቅምት ማብቂያ ላይ፣ ማለትም በ1770 ኖቬምበር 4 ቀን፣ ሰከላ ግሽ ደርሶ ከምንጩ ቀድቶ በኮኮናት ቅል ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ያረፈው ክፍለ ዓባይ በተባለው የምንጩ አገልጋይ ሽማግሌ ቤት ነው። የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ ብሎ የፎከረው ግን ሐሰት ነው፤ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አይቶታል። ብሩስ ይህን ጽሑፍ ያውቅ ነበር፤ ሊያምነው ግን አልፈለገም። ሥዕሉን የሚሥልለትን ጣሊያናዊውን ሉዊጂ ባሉጋኒንም ወደ ምንጩ በተደረገው ጉዞ እንዳልነበረ አድርጎ ጽፏል። ክብርን በተመለከተ ሲሆን ሰውየው እንደ ማንኛውም ሹም ይበላ ነበር።

በ1771 ግንቦት ላይ ሰርባኩሳ በተደረገው ጦርነት ራስ ሚካኤል በተቃዋሚዎቻቸው በመኳንንቱ በወንድ በወሰንና በጎሹ ጦር ተሸነፉ። ነገሥታትን ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረው ሰው ጎንደር በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ መጥተው እስኪወስዱት ጠበቀ። በኋላ ተፈትተው ወደ ትግራይ ቢመለሱም ጎንደርን ዳግመኛ አልገዙም። ለብሩስ በዚያ ጦርነት ላሳየው ጀግንነት ንጉሡ 184 ቀለበት ያለው የወርቅ ሰንሰለት አንገቱ ላይ አጠለቁለት። በጎንደር ቆይታው ሊዳሰስ የሚችል፣ ሊመዘን የሚችል ሹመት ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የሾመው ሲሻር ተሿሚው ወዴት ይገባል? ብሩስ መሄድ ፈለገ። የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ደግሞ የሚጠቅመውን እንግዳ በቀላሉ አይለቅም፤ ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ መጥቶ እስኪሞት አልተመለሰም። ብሩስ በብዙ ልመና ተፈቅዶለት በ1771 ዲሴምበር 26 ቀን ከጎንደር ወጣ። መንገዱ በራስ ፊል በኩል ነበር፤ ያ ገቢ አልባ ቆላ አሁን ዋጋውን ከፈለ። ሰናር ሲደርስ ግን ገንዘቡ አለቀ። ግመል መግዛት አለበት፣ ስንቅ መግዛት አለበት፣ ለሹማምንቱም መስጠት አለበት። የንጉሡን ሰንሰለት አወጣና ቀለበቱን እየፈታ ሸጠው። እጅግ እየከበደው እንዳደረገው ራሱ ጽፏል፤ የተረፈውን ብቻ ይዞ አገሩ ገባ። «ሲሾም ያልበላ» የተባለለት ሰው ሹመቱን የበላው ከተሻረ በኋላ፣ በሰው አገር ገበያ፣ ቀለበት በቀለበት ነው።

ከሰናር እስከ አስዋን ያለው በረሃ ግመሎቹን ፈጀ። ዕቃውንና ማስታወሻውን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ከገባ በኋላ ተመልሶ አስመጣው። ለንደን ሲደርስ በ1774 የጠበቀው ፌዝ ነው። ቆሞ ካለ በሬ ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ ለሳሎን ሁሉ መሳቂያ ሆነ፤ ከንጉሡም ማዕረግ አላገኘም። በጎንደር ባለሟል የተባለ ሰው በገዛ አገሩ ቤተ መንግሥት ደጅ ላይ ውሸታም ተባለ። ተቀይሞ ኪኔርድ ገባ። ታሪኩን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው፤ በ1794 አንዲት እንግዳ ወይዘሮን ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲቻኮል ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ተረቱን ከዚህ ሕይወት ጋር ካየነው «ይቆጨዋል» የሚለው ቃል ከ«ያልበላ» ይልቅ ክብደት አለው። ተረቱ ስለ ሆድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥልጣን ላይ ሳሉ ትምህርት ቤት ሳያሠሩ፣ ዘመድ ሳይረዱ፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ለወረዱ ሰዎች ባልተጠቀሰም ነበር። ዛሬም በቢሮ ውስጥ ዕድል አግኝቶ ሳይማርበት የተዘዋወረን ሠራተኛ ጓደኞቹ በዚሁ ተረት ይተርቡታል፤ ማንም ሌባ ለምን አልሆንክም እያለው አይደለም። ይህ አነጋገር ከደመወዝ አልባው ሥርዓት ተርፎ የመጣው በዚህ በኩል ነው። ለሌባ ሹም መከላከያ አድርጎ መጥቀሱ ግን ተራ ማጭበርበር ነው፤ የድሮው ሹም የሚበላው የተሰጠውን እንጂ የተሰወረውን አልነበረምና።

ብሩስ ከጎንደር ይዞ ከወጣቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ ከአውሮፓ ከጠፋ ሺህ ዓመት አልፎት ነበር፤ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው የግዕዙ ትርጉም ብቻ ነው። አንዱን ቅጂ ብሩስ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 15ኛ ሰጠ፤ ኦክስፎርድ ከገባው ቅጂ ደግሞ ሪቻርድ ሎሬንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ብሩስ በጎንደር ሹመቱ አልበላም የሚል ካለ፣ እነዚህን ሦስት ብራናዎች ሳይቆጥር ነው።