ሠራተኛውና የመሥሪያ ቤቱ እሴት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«እሴቶቹ ተጽፈው ተሰቅለዋል፤ ተስማምቼባቸው ነው የገባሁት።»

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲገቡ፣ ከጥበቃው ፍተሻ ቀጥሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች የተዘረዘሩበት ሰሌዳ ነው። ግልጽነትን፣ ተጠያቂነትንና ታማኝነትን የሚቃወም ሰው ስለማይገኝ በእነዚህ ቃላት መስማማት ስለማንም የሚናገረው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የከሰረው የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን እንኳ ከመርሆቹ መካከል አክብሮትንና ሐቀኝነትን አስፍሮ ነበር። እሴት የሚታወቀው ሁለት መልካም ነገሮች በአንድ ቀን ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም በማየት ነው። ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ኦራይሊ፣ ጄኒፈር ቻትማንና ዴቪድ ካልድዌል የሠራተኛውና የድርጅቱ እሴት ምን ያህል እንደሚጣጣም ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት መለኪያም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ሠራተኛው 54 የእሴት መግለጫዎች ተሰጥተውት፣ እጅግ ከሚፈልገው ጀምሮ በዘጠኝ ምድብ ይደለድላቸዋል፤ በመጀመሪያው ምድብ ግን ከሁለት በላይ ማስቀመጥ አይችልም። ቤቱን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ እነዚያኑ መግለጫዎች የድርጅቱን ጠባይ በሚገልጹበት መጠን ይደለድላሉ። መጣጣም የሚባለው የሁለቱ ድልድል መቀራረብ ስለሆነ «ሁሉም አስፈላጊ ነው» የሚል መልስ እዚህ ቦታ የለውም።

«የእሴት ግጭት የሚነሣው ሙስና ወይም ሌላ ከባድ ጥፋት ሲኖር ነው።»

ይህ አስተሳሰብ ሰውን በየዕለቱ የሚያደክመውን ግጭት ይሸፍነዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲያገባ፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ ሲሞትበት ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ጎረቤት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሌሊት የዕድር ጡሩምባ የሰማ ሰው ጠዋት ቢሮ ገብቶ «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ሲል፣ አንደኛው አለቃ «ሂድና ቅበር፤ ሪፖርቱን ነገ ጠዋት ታደርሰዋለህ» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ደንበኛው ለአሥር ሰዓት መቀጠሩን ያስታውሰዋል። ሁለቱም አለቆች ክፉዎች አይደሉም፤ አንዱ የሚያስቀድመው ማኅበራዊ ግዴታን ሲሆን ሌላው ለደንበኛ የተሰጠን ቃል ነው። ሠራተኛው ግን ከሁለተኛው አለቃ ጋር ውሎ ሲያድር ጎረቤቱን «አጎቴ ነው» ማለት ይጀምራል (ይህን ውሸት ሰምቶ የማያውቅ የሰው ሀብት ኃላፊ ያለ አይመስለኝም)። በሰሌዳው ላይ «ታማኝነት» ተብሎ የተጻፈው ትርጉም የሚያጣው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

«እሴቱ ከድርጅቱ ጋር የገጠመለት ሠራተኛ የተሻለ ይሠራል።»

እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዋ ኤሚ ክሪስቶፍ-ብራውንና ባልደረቦቿ የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ከድርጅቱ ጋር መጣጣም ከሥራ እርካታ ጋር ያለው ቁርኝት (0 ሲሆን ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ሲሆን ፍጹም ነው) 0.44፣ ለድርጅቱ ካለ ቁርጠኝነት ጋር ያለው ደግሞ 0.51 ሆኖ ሲገኝ፣ ከአጠቃላይ የሥራ አፈጻጸም ጋር የተገኘው ግን 0.07 ብቻ ነበር። መጣጣም ሰውን ያቆየዋል እንጂ ባለሙያ አያደርገውም።

«መጣጣም ማለት ከሚመስሉን ሰዎች ጋር መሥራት ነው።»

ከሁሉም ጎጂው ይህ ይመስለኛል። ተመራማሪዋ ሎረን ሪቬራ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመችው ጥናት፣ በአሜሪካ ስመ ጥር የሕግ፣ የኢንቨስትመንት ባንክና የማማከር ድርጅቶች ውስጥ ቀጣሪዎች እጩዎችን ሲመዝኑ የመዝናኛ ምርጫቸውና አኗኗራቸው ከራሳቸው ጋር መመሳሰሉን ከፍ ያለ ቦታ ይሰጡት እንደነበር አሳይቷል። እኛም ዘንድ ከቃለ መጠይቅ በኋላ የሚሰጠው «ልጁ ከእኛ ጋር ይግባባል» የሚል አስተያየት፣ ሲፈተሽ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅነት ወይም የአገር ልጅነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አንድ ቋንቋ የሚናገሩና አብረው ቡና የሚጠጡ ሁለት ሰዎች፣ የተሳሳተ ሒሳብ ለበላይ አካል ይነገር ወይስ በዝምታ ይታረም በሚለው ላይ ፈጽሞ ላይስማሙ ይችላሉ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቤንጃሚን ሽናይደርም እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳስገነዘበው፣ ድርጅት የሚመስሉትን እየሳበና እየመረጠ፣ የማይመስሉትም እየለቀቁ ሲሄዱ፣ ቤቱ ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ይቀረውና ሁኔታዎች ሲለወጡ መለወጥ ያቅተዋል።

«መጣጣም ከመጀመሪያው ወይ አለ ወይ የለም፤ የሙከራ ጊዜም አሠሪው የሚመዝንበት ነው።»

ቻትማን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው ጥናት 171 ጀማሪ ኦዲተሮችን በታላላቅ የአሜሪካ የሒሳብ ድርጅቶች ውስጥ ተከታትላ ነበር። ከነባር ባልደረቦች ጋር ይበልጥ እንዲቀራረቡ የተደረጉት ሠራተኞች እሴታቸው ከድርጅቱ እሴት ጋር ይበልጥ ተጣጥሞ ተገኝቷል። ስለ ሙከራ ጊዜ ደግሞ፣ ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ሲደነግግ ሠራተኛውም በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሠራተኛውም መዛኝ ነው። በእነዚያ ቀናት ከሰሌዳው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስሕተቱን ራሱ የተናገረ ባልደረባ በማግሥቱ እንዴት እንደሚታይ፣ ከቀብር የተመለሰውም ጠረጴዛው ላይ ማጽናኛ ወይስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጠብቀው ነው።