ተባባሪ መሥራች ምንድን ነው? ጅማ ላይ የመጠይቅ ሶፍትዌር ለሚጀምር ሰው

ተባባሪ መሥራች ማለት አንድ ድርጅት ገና ገቢም ደንበኛም ሳይኖረው ከመነሻው ገብቶ ሥራውንና የመክሰር አደጋውን የሚጋራ፣ በምላሹም በደመወዝ ፋንታ ድርሻ የሚይዝ ሰው ነው። ተቀጣሪ ደመወዙ ከተቋረጠ መልቀቅ መብቱ ነው። ገንዘብ ያስገባ ባለሀብትም ቢከስር ያስገባውን ያጣል እንጂ ሌሊቱን ኮድ ሲያርም አያድርም። ተባባሪ መሥራች ግን ምን ይሠራ ተብሎ ሲወሰን ድምፅ አለው፤ ውሳኔው ስህተት ሆኖ ሲገኝም ጉዳቱ የራሱ ነው።

አገራችን ውስጥ ይህ ሰው በወረቀት ላይ ብቻ ካለ ሸሪክ ጋር ይምታታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ግድ ስለነበር፣ የሚስቱን ወይም የወንድሙን ስም አስገብቶ ሥራውን ብቻውን የሚመራ ሰው ብዙ ነበር። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬ ሁለተኛ ሰው መፈለግ ያለበት ሥራው ራሱ ሲጠይቅ ነው።

ለዴቨሎፐሮች፣ ማለትም መተግበሪያ ለሚሠሩ ፕሮግራመሮች፣ የሚሠራ የመጠይቅ ሶፍትዌር ምን ይጠይቃል? ጎግል ፎርምስ ላይ መጠይቅ አዘጋጅቶ ሊንኩን በቴሌግራም መላክ ማንም ይችላል። ዴቨሎፐር የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄው በራሱ መተግበሪያ ውስጥ፣ ተጠቃሚው አንድ ነገር እንደጨረሰ ብቅ እንዲል፣ መልሱ በኤፒአይ (ሁለት ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት መንገድ) ወይም በዌብሁክ (አዲስ መልስ ሲመጣ ወዲያው በራሱ የሚላክ መልእክት) ወደ ራሱ ዳታቤዝ እንዲገባ፣ መጠይቁ ሲቀየር ደግሞ የድሮው መልስ ከአዲሱ ጋር እንዳይደባለቅ። ይህን የሚሠራ ሰው ኪቶ ፉርዲሳ በሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ አይታጣም። ችግሩ የሚጀምረው እዚያው ነው። ፕሮግራመሩ ተባባሪ መሥራች ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠውን ሌላ ፕሮግራመር ነው።

በእኔ እምነት ይህ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ምርጫ ነው። ኤፒአዩ በትክክል እየሠራ መጠይቁ ግን ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል። «አገልግሎቱ ፈጣንና ርካሽ ነው?» የሚል ጥያቄ ሁለት ነገር በአንድ ስለሚጠይቅ መልሱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። «አላውቅም» ያለ ሰውና ጥያቄውን ዘሎት ያለፈ ሰው በአንድ ባዶ ሳጥን ከተመዘገቡ ዳታው ከጅምሩ ተበላሽቷል። የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ቅጂ ትርጉም ከተለያየ ደግሞ በሁለቱ ቋንቋዎች የተሰጡት መልሶች አይነጻጸሩም። ኮድ ብቻ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ስህተቶች የሚያያቸው ደንበኛው ከተማረረ በኋላ ነው።

እነዚህን ስህተቶች በእግሩ ዞሮ የተማረ ሰው ግን ጅማ ውስጥ ሞልቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፤ ሲቢቲፒ በሚባለው ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ የሰበሰቡትን ይተነትናሉ፣ ያገኙትን ችግር መሠረት አድርገው ዕቅድ ያወጣሉ። ቲቲፒ በሚባለው የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም ላይ ደግሞ የተለያየ ሙያ የሚማሩ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይመደባሉ። ኦዲኬ ወይም ኮቦ ቱልቦክስ የተባሉትን የመጠይቅ መተግበሪያዎች ስልኳ ላይ ጭና ዳታ የሰበሰበች፣ ከዚያም ያንኑ ዳታ ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ስታጸዳ ያደረች የኅብረተሰብ ጤና ወይም የስታቲስቲክስ ምሩቅ ሁለተኛ ፕሮግራመር የማያመጣውን ዕውቀት ታመጣለች። ከተማዋ ይህን ያህል መጠይቅ የሚያውቅ ሰው እያፈራች ሰዎቹ ከሶፍትዌር ልጆቹ ጋር ሳይገናኙ መበተናቸው ከልብ ያሳዝነኛል።

ሁለት ፕሮግራመሮች ተሳክቶላቸው አያውቅም ማለቴ አይደለም። ፕሮግራመሮች ጥያቄ የሚጠያየቁበትን ድረ ገጽ ስታክ ኦቨርፍሎውን እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት ጆኤል ስፖልስኪና ጄፍ አትውድ ሁለቱም ፕሮግራመሮች ነበሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ስለ ሙያቸው በመጻፍ ብዙ የፕሮግራመር አንባቢ አስቀድመው አፍርተው ነበር። ደንበኛውን ይዘው ነው የመጡት። ጅማ ተቀምጦ እንዲህ ያለ አንባቢ ያለው ሰው ካለ፣ ኮድ ቢጽፍም ባይጽፍም ሊታጭ ይገባዋል።

ሰው ከተገኘ በኋላ ድርሻ ከመከፋፈል በፊት አብሮ መሥራት ይቀድማል። ለጥቂት ሳምንታት አንድ እውነተኛ ተጠቃሚ ይዞ ትንሽ ነገር ሠርቶ ማስረከብ በቂ ነው። እዚያ ላይ መታየት ያለበት ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው። ገንዘብም በግልጽ ይነሳ፤ ያለ ደመወዝ ስንት ወር መቆየት ይቻላል? ቤተሰብ የሚጠብቀው ገንዘብ አለ? አዲስ አበባ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢገኝስ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎች የሚያፍሩበት ነው፤ ጅማ ላይ ግን ሳይነሳ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚሁ ጥያቄ የተበጀ አሠራር አለ፤ ቬስቲንግ ይባላል። ድርሻው በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም፤ በጊዜ ይገኛል። የተለመደው አራት ዓመት ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት መፈተኛ ነው። 40 በመቶ የተመደበለት ሰው በአሥረኛው ወር ቢሄድ ምንም አይወስድም። አንድ ዓመት ሲሞላው 10 በመቶ የራሱ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪው በየወሩ እየተጨመረ ይሄዳል፤ በሁለት ዓመቱ ቢለቅ 20 በመቶ ይዞ ይሄዳል። ሐሳቡን ያመጣው ሰውም በዚሁ ደንብ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ አንደኛው አለቃ ሌላኛው ተፈታኝ ይሆናሉ።

አፕል እ.ኤ.አ. በ1976 ሲመሠረት ሦስተኛው መሥራች ሮናልድ ዌይን 10 በመቶ ነበረው። በ12 ቀን ውስጥ ለቀቀ፤ ድርሻውንም በ800 ዶላር መለሰ። ብዙ ሰው የሚያወራው ዌይን ስላጣው ሀብት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱ የቀሩት ሰዎች ዕድል ነው፤ ዌይን አልመልስም ቢል ኖሮ ከአሥር አንዱ እጅ ሥራውን በማይሠራ ሰው ስም ይቀር ነበር። እኛም ዘንድ በመመሥረቻ ጽሑፍ የተመዘገበ ድርሻ በቃል ስምምነት አይመለስም። ስለዚህ የሚለቅ ሰው ድርሻውን በምን ዋጋና በምን ሁኔታ እንደሚመልስ ከምዝገባው በፊት ከጠበቃ ጋር ተቀምጦ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከድርሻው እኩል የሚረሳው ኮዱ ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ ውል ወይም ሌላ ስምምነት ከሌለ የኮምፒውተር ፕሮግራም መብት መጀመሪያ የሚሆነው የጻፈው ሰው ነው። ድርጅቱ ገና ሳይመዘገብ አንዱ መሥራች በራሱ ላፕቶፕ የጻፈው ሁሉ ወደ ድርጅቱ የሚተላለፈው በጽሑፍ ሲፈረም ነው። የመጠይቁ ንድፍ፣ ኮዱ የሚቀመጥበት የጊትሃብ አካውንትና የዶሜይን ስሙም (የድረ ገጹ አድራሻ) በዚያው ወረቀት ላይ ይግቡ።