የነገሮች ኢንተርኔት፦ ዕቃው ራሱ ሲናገር

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። አሜሪካ፣ ፒትስበርግ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል አንድ የኮካ ኮላ ማሽን ነበር። ቢሮአቸው ከማሽኑ የራቀ ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ወይ ባዶ ያገኙታል፣ ወይ ገና አሁን ተሞልቶ ኮካው ሙቅ ነው። ሰለቻቸው። ማሽኑ ላይ አንድ ረድፍ ጠርሙስ ሲያልቅ የምትበራ መብራት ነበረች። መብራቶቹን በሽቦ ከኮምፒውተር ጋር አገናኟቸው። ቴርሞሜትር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ጠርሙሱ ከገባ ሦስት ሰዓት ካለፈው ኮምፒውተሩ "ቀዝቃዛ" ብሎ ይጽፋል፤ አለቀ።

የነገሮች ኢንተርኔት የሚባለው በመሠረቱ ይኸው ነው። ሰው ሄዶ ሳያይ ዕቃው ራሱ ያለበትን ሁኔታ ይናገራል። ለዚህ ሙቀት፣ እርጥበት ወይም ንዝረት የሚለካ ሴንሰር ያስፈልጋል። የተለካውን የምትይዝ ትንሽ ኮምፒውተር ትኖራለች። መልእክቱ የሚሄድበት መስመርም ይኖራል። ከወዲያ በኩል ደግሞ መልእክቱን አይቶ አንድ ነገር የሚያደርግ ሰው ወይም ማሽን አለ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ኬቨን አሽተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የሳሙናና የመዋቢያ ዕቃዎች አምራች በሆነው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ውስጥ ሲሠራ ለአለቆቹ ላቀረበው ገለጻ የሰጠው ርዕስ ነበር። የከነከነው ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ዓይነት ሊፕስቲክ ሱቅ ውስጥ ማለቁን ማንም በጊዜ አያውቅም። ዕቃው ላይ በሬዲዮ የምትነበብ ትንሽ ቺፕ ብትለጠፍስ አለ።

"ስማርት" የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሁሉ ይህን ያህል ጥቅም አለው ብዬ አላምንም። በሩ ላይ ስክሪን ያለው ፍሪጅ ብዙም አይገርመኝም። ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ግን ሌላ ነው። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት። ሌሊት መብራት ሄዶ ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ለጤና ባለሙያው በስልኩ ኤስኤምኤስ የሚልክ ሴንሰር ስንት ልጅ የሚከተብበትን መድኃኒት ያተርፋል።

የዘርፉ ትልቁ ራስ ምታት ባትሪ ነው። ዋይፋይ ኃይል ይበላል። ስለዚህ እርሻና ሜዳ ላይ እንደ ሎራ ያሉ ጥቂት ኃይል የሚበቃቸው የሬዲዮ መንገዶች ይመረጣሉ፤ የሚልኩት ጥቂት ፊደል ቢሆንም ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ይደርሳል። ኤምኪውቲቲ የሚባለው የመልእክት ደንብም በ1999 የተሠራው በሳተላይት የነዳጅ ቧንቧ ለመከታተል ነበር። መስመሩ ውድ ስለነበር መልእክቱ አጭር መሆን ነበረበት። ዛሬም በብዙ ዕቃዎች ውስጥ ይሠራል።

የሚናገር ዕቃ ግን ማንን እንደሚሰማም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ያዘ። የተራቀቀ ጥበብ አልነበረውም። ከፋብሪካ የመጡበትንና ማንም ያልቀየረውን የይለፍ ቃል ብቻ እየሞከረ ገባ። ጥቅምት 21 ቀን (በፈረንጆቹ) እነዚያ ዕቃዎች ዳይን በተባለ፣ የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ ወደ ትክክለኛው አድራሻ በሚመራ ድርጅት ላይ ባንዴ ሲዘምቱ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ብሪታንያ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ የይለፍ ቃልን በሕግ የከለከለችው ከስንት ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው። ቤታችሁ ካሜራ ካለ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሩት።

ወደ እኛው አገር ስንመጣ ልቤን የሚነካው አፋር ውስጥ የተሠራው ነው። በጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ፓምፖች ላይ ሴንሰሮች ተገጥመው ፓምፑ መሥራት አለመሥራቱን ከሩቅ ማወቅ ተችሏል። በረሃ ላይ ፓምፕ ሲቆም ሰውም ከብትም ይጠማል፣ ወሬው ግን ከተማ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። አሁን መቆሙ በቶሎ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ መለዋወጫውን ጭኖ የሚሄድ መኪናና መካኒክ ያስፈልጋል።